የማድ ቤቱ መስታወት

ፖሊስ ሲደርስ ሴትዮዋ እየጠረገች ነበር።

ባሏ ጓሮው ውስጥ፣ ከማድ ቤቱ መስኮት ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። ጆሮ ግንዱ ተፈንክቷል። የተመታበት ድንጋይ ክንዱ አጠገብ ወድቋል፤ ከአጥር ሥራ የተረፈ፣ ባለ ስለት ጥርብ ድንጋይ። ከራሱ በላይ ያለው መስኮት መስታወት የለውም። ባዶ ፍሬሙ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። በዚያ አፍ በኩል ከውስጥ የመጥረጊያ ድምፅ ይመጣል።

ሽው። ሽው። ሽው።

ኢንስፔክተሯ በባዶው ፍሬም አንገቷን አስገባች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«አይታይሽም? ስባሪ እየጠረግኩ።»

«ባልሽ ሞቷል።»

«አውቃለሁ። የጠራኋችሁ እኔ ነኝ።» ቀና አላለችም። የልብስ መለኪያ ሜትር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሎ ከመጥረጊያው ጋር ይወዛወዛል። «ልጅ አለችኝ። ባዶ እግሯን ነው የምትሮጠው።»

«መስታወቱ የወደቀው ውስጥ ነው ውጭ?»

«ውስጥ።»

«አሁን ይህን ማን ያምንሻል? ጠርገሽዋል።»

«አትመኚኛ።»

ሳጅኑ ወደ ኢንስፔክተሯ ጆሮ ጠጋ አለ። «የጽዳት አባዜ ያለባት ትመስላለች። ሬሳ እዚህ፣ መጥረጊያ እዚያ።»

«ወይም ማስረጃ እያጠፋች ነው። ስባሪውን በሙሉ ሰብስበህ ውሰደው። አንድም እንዳይቀር።»

ይቺን ኢንስፔክተር ባልደረቦቿ ከኋላዋ «መዥገር» ይሏታል። አንዴ ከነከሰች አትላቀቅም ለማለት ነው። ታውቃለች። ፊት ለፊቷ የሚላት ስላልተገኘ ግን አልተጣላችበትም።

የቤቱ ነገር እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋ ከሳሎኑ መስኮት ሥር ነበር። ከወራት በፊት አንድ ቀን ሲመሻሽ ድንጋይ መጣና ያንን የሳሎን መስታወት አረገፈው። ተተካ። ደግሞ ረገፈ። ተተካ። ደግሞ። ወርዋሪው አልታወቀም። ባል መጀመሪያ በጎረቤት ልጆች አሳበበ። በኋላ በሚስቱ።

የሟች እናት ሳሎን ውስጥ ራዲዮናቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀምጠዋል። አላለቀሱም። ዓይናቸው ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል።

«ገዳይ ፍለጋ ምን አደከማችሁ?» አሉ። «ማድ ቤት ውስጥ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች።»

«ስትመታው አይተዋል፣ እማማ?»

«ምራትን ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም።»

«መስታወቱ ሲሰበርስ ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ። ገና መብራት አልበራም።»

«ታዲያ ወጥተው አላዩም?»

«እዚህ ቤት መስታወት ሲሰበር ብርቅ ነው እንዴ? ያው እንደለመደው ነው ብዬ ራዲዮኔን ከፍ አደረግኩት።» «ከፍ አደረግኩት» ብለው ደገሙት፣ ለማንም ሳይሆን።

ኢንስፔክተሯ ልብስ ሰፊዋን ከስፌት መኪናዋ ፊት አስቀመጠቻት። መኪናው ወደ ግድግዳ ዞሯል። የሚሰፋበት ሰው ጀርባውን ለብርሃን ሰጥቶ የሚቀመጥበት ዓይነት አቀማመጥ ነው።

«ከሰዓት በኋላ የት ነበርሽ?»

«ቀሚስ ለደንበኛ ላደርስ።»

«መቼ ተመለስሽ?»

«ሲመሻሽ። ስመለስ እንደዚህ ሆኖ አገኘሁት።»

«ከባልሽ ጋር ትጣያላችሁ?»

«በየቀኑ።»

«በምን?»

«በመስኮት።»

«በመስኮት ሰው ይጣላል?»

«የኔ ባል ይጣላል። ‹ድንጋይ የሚወረውረው ወዳጅሽ ነው› አለኝ። ‹በመስኮት የምታይው ማንን ነው?› አለኝ። መኪናዬን አዙሮ ግድግዳ አሳየኝ። ድንጋዮቹን በቆርቆሮ ሰብስቦ አልጋችን ሥር አኑሯቸዋል፤ ማታ ማታ እያወጣ ያገላብጣቸዋል። እኔን ግን አንድ ቀን ዞር ብሎ አላየኝም። አባዜ ነው የያዘው።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ በያጅ ጠርቻለሁ አለኝ። ነገ መስኮቱን ሁሉ በላሜራ ሊያስደፍነው።»

«አንቺ ምን አልሽ?»

«መቃብር ውስጥ ልብስ አይሰፋም አልኩት።»

ሳጅኑ ጻፈው። ልብስ ሰፊዋ ብዕሩን አየችው። «ጻፈው፣ ጻፈው» አለች። «አሳምረህ ጻፈው።»

ጎረቤቱ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው። በራቸውን ሳይከፍቱ፣ በስንጥቁ በኩል ተናገሩ።

«እንኳን ሞተ።»

«ይህን ለፖሊስ ሲናገሩ ትንሽ አይፈሩም?»

«ፍሬን በበጠሰ መኪና ቁልቁለት የወረድኩ ሰው ነኝ፤ ፖሊስ ነው የምፈራው?» በሩ ተከፈተ። አንድ እግራቸው እስከ ጉልበታቸው በጀሶ ታስሯል። «ልጆቼን ዱርዬ ብሎ አሳስሮብኛል። የኳስ አባዜ እንጂ የድንጋይ አባዜ የለባቸውም! ትናንትም ዛሬም ከቡድናቸው ጋር ሌላ ከተማ ናቸው፤ አሠልጣኙን ጠይቂ። ይሄ ሰውዬ ያልተጣላው ማን አለ? መስታወት ገጣሚውን ሳይቀር ‹ሌላ ደንበኛ ፈልግ› ብሎ ሲስቅበት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«እርስዎስ? ዛሬ ሲመሻሽ?»

«በዚህ እግሬ አጥር ዘልዬ?» በምርኩዛቸው ጀሶውን ኳ ኳ አደረጉት። «ብችል ኖሮ እዘል ነበር። ዕድሌ ነው።»

አሠልጣኙ ተጠየቀ። ልጆቹ እውነትም ከቡድኑ ጋር ነበሩ። ድንጋዩ ሸካራ ስለሆነ የጣት አሻራ አልያዘም። የቀረችው ሴትዮዋ ነበረች።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ተመልሳ መጣች። ማድ ቤቱ በንፋስ ተሞልቷል።

«አይታችሁ ከጨረሳችሁ ይሄን አስዘጉልኝ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «ልጄ ብርድ አይስማማትም። የገጣሚው ስልክ በሩ ኋላ ግድግዳው ላይ ተጽፏል።»

ሳጅኑ ራሱ ብርዱ አንገፍግፎት ነበር። ደወለ። «ከልብስ ሰፊዋ ቤት ነው። መስታወት ተሰብሯል፤ ቶሎ ና» ብሎ ዘጋ።

ሰውዬው ብዙም ሳይቆይ ደረሰ። ቀጭን፣ ጥፍሩ ንጹሕ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ሥራ በጨረሰ ቁጥር «ጥርት አድርጌዋለሁ» ስለሚል ሰፈሩ ጥርት ይለዋል። በብርድ ልብስ የተጠቀለለ መስታወት በብብቱ ይዟል። ደጃፉ ላይ ጫማውን ደጋግሞ ጠረገ።

«ነፍስ ይማር» አለ። «ደግ ሰው ነበሩ።»

«ደግ?» አሉ አሮጊቷ ከሳሎን። «አንተንም ሲሰድብህ አልነበር?»

«ሰው ሲከፋው ይናገራል፣ እማማ።»

ሳጅኑ በአገጩ ማድ ቤቱን አሳየው። ጥርት ብርድ ልብሱን ፈታ፣ መስታወቱን አንስቶ ፍሬሙ ላይ አስቀመጠው። ያለ አንዳች ግፊት ገባ። ከዚያ መስታወት ከፍሬም የሚያያዝበትን ስቱኮ በአውራ ጣቱ ዳር ዳሩን ይለስን ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ባልዲ ይዛ አለፈች። ገለል አለላት። አላየችውም። ውሃውን ደፍታ ተመለሰች። አሁንም ገለል አለላት። አሁንም አላየችውም።

«ኧረ እንዴት ነው የገባው!» አለ ሳጅኑ። «ልብስ እንኳ እንደዚህ ልክ አይሆንም።»

«ልብስማ ቢጠብ ይተረተራል፣ ቢሰፋ ይጠባል» አለ ጥርት። ጉንጩ በኩራት ቀላ። «መስታወት አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። በሥራ ዘመኔ ሳልለካ የቆረጥኩት መስታወት የለም።»

«ይሄን ሰሞን ቤቱ አካባቢ የሚያንዣብብ ሰው አይተሃል?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«እኔ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ከመስታወት አይነሳም፣ እመቤት።» ዕቃውን ሰበሰበ። ከዚያ ወለሉን ቃኘ፤ የቆሻሻ ቅርጫቱንም። «ስባሪው የታለ? ሁልጊዜ እኔ ነኝ የምጥለው።»

«እኛ ወስደነዋል።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ምን ያደርግልሃል?»

«ምንም። ልጅቷን እንዳይቆርጣት ብዬ ነው።» አቀርቅሮ ወጣ። ጥርት አድርጌዋለሁ ማለቱን ረሳ።

አዛዡ በስልክ ጮኹ።

«የቀሚሱ ባለቤት ምን አለች?»

«ቀሚሱን ያደረሰችላት ከምሳ በኋላ ነው ብላለች፣ ጌታዬ። ከዚያ እስኪመሽ ያለውን ሰዓት አላወቅነውም።»

«ስለዚህ ዋሽታለች። ማስረጃ ጠርጋለች። ፀብ ነበራቸው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«የመስታወቱ አሰባበር አልገባኝም። ልትመታው ከፈለገች መስታወቱን ለምን...»

«ይሄ የጥያቄ አባዜሽ አንድ ቀን ከሥራ ያስወጣሻል! ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋን ጣቢያ አምጪያት።» ዘጉት።

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ኪሷ ከተተች። ልብስ ሰፊዋን ማድ ቤት ውስጥ አገኘቻት። ድስት ትፈትጋለች። ድስቱ ድሮ ነጽቷል።

«ቀሚሱን ከምሳ በኋላ ነው ያደረስሽው። ከዚያስ?»

ድስቱን ገልብጣ መፈተጓን ቀጠለች።

«ከዚያስ?»

«ቤት ሳይ ነበር።»

«የምን ቤት?»

«የኪራይ። አንድ ክፍል ናት። መስኮቷ ትልቅ ነው።»

«አከራዩ አይቶሻል?»

«ማንም አልነበረም። በመስኮቱ ውስጡን አየሁት፤ ቆሜ አየሁት፤ ተመለስኩ።»

«ልትተዪው ነበር።»

«ልተወው ነበር! መተው መግደል ነው?» ድስቱን ወለሉ ላይ ወረወረችው። «ከዚህ ቤት ወጥቼ፣ ልጄን ይዤ፣ ፀሐይ እያየሁ ልሰፋ ነበር። ይኸው፤ ወንጀሌ ይሄ ነው።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«አማቴ ከሰሙ ልጄን አይሰጡኝማ።»

«ሰምቻለሁ!» የሚል ድምፅ ከሳሎን መጣ። አሮጊቷ ግድግዳውን እየተደገፉ ብቅ አሉ። «ልጅቷ የልጄ ደም ናት። ከእኔ ጋር ትቀራለች። አንቺ ወህኒሽን ውረጂ።»

«በሬሳዬ ላይ!»

«አንድ ሬሳ አልበቃሽም?»

በሩ ሥር የልጅቷ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ አንደኛው ክሩ ተፈቷል። ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ አለችና ክሩን አሰረችው። ደግማ ፈታችው። ደግማ አሰረችው።

«ከጎረቤት ስትመለስ ምን ትሏታላችሁ?» አለች ሳትነሳ።

ሳጅኑ ካቴናውን ከወገቡ ፈታ። ኢንስፔክተሯን አየ። ኢንስፔክተሯ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች፤ ትእዛዝ ትእዛዝ ነው።

አሮጊቷ ግን ገና አልወጣላቸውም። ምርር ብለው አዲሱን መስታወት በጣታቸው አመለከቱ።

«እሱን እንኳ አልተወችልኝም! ያንን መስኮት ሟች ባለቤቴ በገዛ እጁ የገጠመው ነው። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ተሰብሮ አያውቅም። የሳሎኑ እንደዚያ ሲረግፍ እሱን ጭረት አልነካውም። ልጄን ስትገድል አብራ ሰበረችው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ተራምዳ ነበር። ቆመች።

«ተሰብሮ አያውቅም?»

«አንዴም።»

«ገጣሚውስ? ማድ ቤት ገብቶ ሠርቶ ያውቃል?»

«ምን ሊሠራ? ሥራው ሳሎን ነው። ሳሎን ይመጣል፣ ሳሎን ይገጥማል፣ ይሄዳል።»

ኢንስፔክተሯ የሳሎኑን መስኮት አየች። ሰፊ ነው። የማድ ቤቱን አየች። ጠባብና ረጅም ነው። ወደ ሳጅኑ ዞረች።

«ስትደውልለት ምን አልከው? ቃል በቃል።»

«‹መስታወት ተሰብሯል፤ ቶሎ ና።›»

«የቱ መስኮት ብሎ ጠየቀህ?»

«አልጠየቀም።»

«መጥቶ ለካ?»

«ቆርጦ ነው የመጣው» አለ ሳጅኑ ቀስ ብሎ። «ቆርጦ ነው ይዞት የመጣው።»

ኢንስፔክተሯ ቃሉን አስታወሰችው። ከትናንት ጀምሮ ከአፍ አፍ ሲወራወሩት የዋለ ቃል ነው። የምትጠርገው አባዜ አለባት ተባለ። ኳስ የሚጫወቱት አለባቸው ተባለ። ሟች ተባለ። እሷ ራሷም አልቀረላትም። ያለ ሐሳብ፣ እንደ ማስነጠስ ከአፋቸው ያመልጣቸዋል። በዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ብቻ ማንም አባዜ አለበት ያላለው ነበር። ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ጫማውን ደጃፍ ላይ የሚጠርግ።

«ካቴናውን አታስርባት» አለች። «ይዘኸው ና።»

የመስታወት ቤቱ መንገዱ ጥግ ላይ ነው። ጠባብ ክፍል፤ መስታወቶች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ብዙ ሆና ገባች። ጥርት ከጠረጴዛው ኋላ ቀና አለ። ብዙ ሆኖ ቀና አለ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ መጣሁ።»

«ይጠይቁ፣ እመቤት።»

«ዛሬ ጠዋት የገጠምከውን መስታወት መቼ ለካኸው?»

የያዘው ጨርቅ ቆመ።

«የዚያን ቤት ልክ በቃሌ ነው የማውቀው። ስንት ጊዜ ገጥሜያለሁ።»

«የሳሎኑን። ዛሬ የገጠምከው የማድ ቤቱን ነው።»

«ሳጅኑ ነገሩኝ።»

«እኔ?» አለ ሳጅኑ ከደጃፉ። «የቱ እንደሆነ ጠይቀኸኝስ ታውቃለህ?»

«በዓይኔ ገመትኩት። ሙያዬ እኮ ነው።»

«ሳልለካ የቆረጥኩት የለም ያልከኝ አንተ ነህ።»

ጥርት ሙያውን እንዳይክድ ኩራቱ ያዘው፣ ሙያውን እንዳያምን ለአንገቱ መፍራት ያዘው። ከቀበቶው ላይ የተንጠለጠለውን የብረት ሜትር ሳያውቀው በመዳፉ ሸፈነው።

መዥገሯ አየች።

«ሜትርህን ስጠኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ስጠኝ።»

አልሰጠም። ሳጅኑ ክንዱን ያዘና ፈታው። ኢንስፔክተሯ የሜትሩን ጫፍ ይዛ ሳበችው። ቢጫው ብረት እየተንሻጠጠ ወጣ። ንጹሕ። ንጹሕ። ከዚያ የደረቀ ቡናማ ዕድፍ መጣ። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ወፈረ፤ ጣት ቆንጥጦ የያዘበት ቦታ ነው። የማድ ቤቱ መስኮት ወርድ እዚያ ላይ ያልቃል።

«እጅህን ታጥበሃል፣ ልብስህን ለውጠሃል» አለች። «ሜትሩ ግን ደሙን ይዞ ተጠቅልሎ ገባ።»

ሳጅኑ ከክፍሉ ጀርባ ወደተጋረደው መጋረጃ ሄደ።

«አትንካው!»

ሰውዬው ከዚያ በፊት ጮኾ የሚያውቅ አይመስልም። ድምፁ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። ሳጅኑ መጋረጃውን ገለጠው።

መስታወቶች ቆመዋል። ሙሉ አይደሉም። ስባሪ ከስባሪ፣ ፍንካች ከፍንካች በሙጫ ተያይዘው እንደገና መስኮት የሆኑ ናቸው። ሁሉም የሳሎኑ መስኮት ልክ ናቸው። ስንጥቃቸው እንደ ሸረሪት ድር ያበራል። አንዱ ላይ የጣት አሻራ ቀርቷል፤ ሌላው ላይ የክር ብናኝ ተጣብቋል። ከፊታቸው አንድ ወንበር አለ። መቀመጫው በመቀመጥ ብዛት ጎድጉዷል።

«እሷ ያየችባቸው ናቸው» አለ ጥርት። አሁን የሚያወራው ለራሱ ነበር። «ጠዋት ክር መርፌ ውስጥ እየከተተች ወደ ውጭ ታያለች። ያየችበትን መስታወት እንዴት ቆሻሻ ውስጥ እጥላለሁ?»

«ስለዚህ ትሰብራለህ፤ ትጠራለህ፤ ትገጥማለህ።»

«ሌላ በምን ምክንያት እገባለሁ? ልብስ የማሰፋላት ሴት የለችኝ።»

«ትናንት ግን እሷ ቤት አልነበረችም። ምን ልታደርግ ሄድክ?»

«ላሜራ ሊያስገጥም ነው። ‹ሌላ ደንበኛ ፈልግ› አለኝ፤ ሳቀ። አንዴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልስበርና በያጁ ሳይመጣ ጠዋት ልጠራ አልኩ። በጓሮ በኩል ስገባ ሰውዬው ተደብቆ ይጠብቀኝ ኖሯል። ማነቂያዬን ያዘኝ። ‹አንተ ነህ?› አለ። ደግሞ ሳቀ። ‹ለእሷ ነው የምነግራት፤ ስትስቅብህ ታያለህ› አለኝ።»

«መታኸው።»

«ሲወድቅ ክርኑ መስታወቱን ይዞት ወረደ።»

«ከዚያስ?»

ጥርት ጥያቄው የገባው አልመሰለም። መልሱ ለእሱ ግልጽ ነበር።

«ከዚያ ለካሁት። መስኮቷ ክፍት ሊያድር ነው እኮ። ብርድ ሊገባባት ነው።»

«ሬሳው እግርህ ሥር ተኝቶ።»

«ተሻግሬው ነው የለካሁት» አለ።

ሳጅኑ ፊቱን አዞረ። «ወይ አባዜ!» አለ በለሆሳስ። ቃሉን ከትናንት ጀምሮ እንደዘበት ሲጥለው የኖረ ሰው፣ አሁን ካፉ ሲወጣ ከበደው።

«አይደለም!» ጥርት ጠረጴዛውን መታ። «እኔ አባዜ የለብኝም። አልጠጣም፣ አላጨስም፣ ሰው ላይ ዓይኔን አላነሳም። ሰፈሩን ጠይቁ። ፍቅር ነው።»

«ፍቅር ከሆነ አንድ ነገር ንገረኝ» አለች ኢንስፔክተሯ። «ስምህን ታውቀዋለች?»

ሰውዬው ወደ ስንጥቅ መስታወቶቹ ዞረ፣ እነሱ የሚያውቁ ይመስል። ካቴናው ሲዘጋ ድምፁ ክፍሉ ውስጥ ጥርት ብሎ ተሰማ።

«አመል ያወጣል ከመሃል» አለ ሳጅኑ መኪናው ውስጥ። «ሳይለካ ቢመጣ፣ መጥቶም እንደ ሰው ቢለካ፣ ማን ያገኘው ነበር?»

ኢንስፔክተሯ ሞተሩን አስነሳች።

ልብስ ሰፊዋ ያው ማድ ቤት ውስጥ ነበረች። ልጅቷ ከጎረቤት ተመልሳ ሳሎን ውስጥ ጫማዋን አውልቃለች። ኢንስፔክተሯ ነገሩን በአጭሩ ነገረቻት። ስባሪዎቹን፣ ወንበሩን፣ ልኩን።

«ማን?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ገጣሚው። ዛሬ ጠዋት እዚህ የነበረው።»

ሴትዮዋ ግንባሯን አኮማትራ አሰበች። ከልቧ አሰበች።

«መልኩ አይመጣልኝም» አለች። «ቀጭን ነው?»

ከዚያ አዲሱን መስታወት አየችው። ዳር ዳሩ ላይ የአውራ ጣት ልስን ገና እርጥብ ነው፤ በአራቱም ማዕዘን የሰውዬው አሻራ ታትሟል። ወደ ሳሎን ሄደች። የልብስ መተኮሻ ካውያዋን ይዛ ተመለሰች።

ኢንስፔክተሯ ልታስቆማት ትችል ነበር። ማስረጃ ነበርና። አላስቆመቻትም።

መስታወቱ በአንድ ምት ረገፈ።

ንፋሱ ገባ። ልብስ ሰፊዋ ካውያውን እንደያዘች ቆመች። ወለሉ በስባሪ ተሞልቷል፤ መጥረጊያው አጠገቧ ነው፤ አልነካችውም። እጇ ከትናንት ጀምሮ አሁን ገና ዝም አለ።

አሮጊቷ በሩ ላይ ብቅ አሉ። ስባሪውን አዩ፤ ምራታቸውን አዩ። ይቅርታ የሚባል ነገር ከአፋቸው አልወጣም።

«ምን ይገትርሻል?» አሉ በቁጣ። «ልጅቷ ባዶ እግሯን ናት።» መጥረጊያውን ራሳቸው አነሱት፣ ጎንበስ አሉ፣ መጥረግ ጀመሩ።

ሽው። ሽው። ሽው።

«ሌላ ገጣሚ ልጥራ?» አለ ሳጅኑ።

«ማንንም እንዳትጠራ» አለች ልብስ ሰፊዋ። «መጋረጃ እሰፋለታለሁ።» ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ባዶውን ፍሬም ያዘች። «ልኩን እኔ ራሴ እወስደዋለሁ።»